የሚንቀጠቀጠው ጃርት

ማርዲስ ክሬብስ ኔብራስካ ውስጥ፣ ዓይን እስኪደክም በቆሎ ብቻ በሚታይበት አገር ተወልዳ ያደገች፣ አጭርና ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ያገሯ ሰው ስሟ ሲነሳ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሷም ያንን ነገር የሚያውቅባት በሌለበት መኖር ፈልጋ፣ ከቤቷ የአራት ሰዓት መንገድ ርቃ ዌልሃም ኮሌጅ ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች፣ በቆሎ በሚሰበሰብበት ወር፣ የአባቷ የብረት ጎተራ ውስጥ በላይኛው መስኮት ገባች። እህል ላይ መራመድ ትወድ ነበር፤ እንደ አሸዋ እግር ሥር ይንሸራተታል። አባቷ ኦርቪል መግባቷን አላየም። ከታች የጭነት መኪናውን አስጠግቶ፣ እህሉን ከሥር የሚስበውን ማሽን አስነሳ። በቆሎው ከእግሯ ሥር እንደ ውሃ መውረድ ጀመረ። ጉልበቷን ዋጠ፣ ወገቧን ዋጠ፣ ደረቷ ላይ ደረሰ። እህል ውስጥ የተያዘ ሰው አየር ባወጣ ቁጥር ደረቱ ዝቅ ይላል፤ ያችን ክፍተት በቆሎው ወዲያው ይሞላታል፤ ቀጥሎ የሚስበው አየር ካለፈው ያንሳል። ማርዲስ ለመጮህ የሚበቃ ትንፋሽ አልነበራትም። እህሉ አገጯን ሲነካ ማሽኑ ቆመ። የቆመው ግን መኪናው ስለሞላ ነው እንጂ ማንም አይቷት አልነበረም።

እናቷ ለምሳ ስትጣራ አጥታት ነው የተገኘችው። ጎረቤቶች ተሰብስበው የጎተራውን ብረት ቆርጠው እስኪያወጧት ሌላ ሦስት ሰዓት አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያገሩ ልጆች፣ “ማርዲስ! ፈንዲሻ ሳትሆኚ እንዴት ቀረሽ?” ይሏት ነበር። አዋቂዎቹ ደግሞ ሲያይዋት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አባቷ ግን ስለዚያ ቀን ክፉም ደግም ተናግሮ አያውቅም። አንድም ቃል።

ኮሌጅ ስትገባ የስፖርት ዕቃ ክፍል ውስጥ ሥራ አገኘች፤ የተጫዋቾቹን መለያና ካልሲ ማጠብና ማጠፍ። አለቃዋ ወይዘሮ ቨርና ቶልስ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ፤ ስድሳን አልፈዋል፣ ማስቲካቸው ከአፋቸው አይጠፋም፣ ዝም ማለት የሚባል ነገር አያውቁም። የጃርቱን ጭንቅላት መጀመሪያ ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። ጃርት የዌልሃም ቡድን ገድ ነው፤ በየጨዋታው አንድ ተማሪ የጃርት ልብስ ለብሶ ሜዳ ዳር እየጨፈረ ሕዝቡን ያሟሙቃል። ጭንቅላቱ በርሜል ያክላል። ከስፖንጅ የተሠራ እሾህ ከግንባሩ እስከ ጀርባው ተተክሎበታል። አፉ ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት ጥቁር መረብ ተሰፍታለች፤ ውስጥ ያለው ሰው የሚያየውም የሚተነፍሰውም በሷ ብቻ ነው።

“አሸቲው እስቲ፤ የአሥር ዓመት ላብ ነው” አሉ ወይዘሮ ቨርና።

ማርዲስ አላሸተተችም። መረቧን አይታ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

በሁለተኛው ዓመቷ፣ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት የአሜሪካ ፉትቦል ወቅት ሊጀመር አሥር ቀን ሲቀረው፣ ጃርት የነበረው ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ባህር ኃይል ገባ። የስፖርት ኃላፊው አቶ ሃርላን ፒትስ ዕቃ ክፍል መጥተው ያማርሩ ጀመር።

“አምስት ልጆች ሞከሩት። አንዱም ትከሻው አልገባለትም። ልብሱን የሰፋው ሰው ለድንክ ነው እንዴ የሰፋው?”

“ባሌ ነው የሰፋው” አሉ ወይዘሮ ቨርና። “በራሱ ልክ።”

አቶ ፒትስ ይቅርታ ለመጠየቅ አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው ማርዲስ ላይ አረፈ። ካልሲ እያጠፈች ነበር። ከእግሯ እስከ ራሷ በዓይናቸው ለኳት።

“አንቺ ልጅ፣ ቁመትሽ ስንት ነው?”

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ግን እምቢ ያለ ሰው “ለምን?” መባሉ አይቀርም፤ ለምን ከተባለች ደግሞ ጎተራው ሊነሳ ነው። ያ ከተነሳ እዚህም በቆሎ የበላት ልጅ ልትሆን ነው። ሁለቱን ፍርሃቶች አመዛዘነችና በዚያች ሰዓት የባሰው ሁለተኛው መሰላት።

“እሞክራለሁ” አለች።

“ሦስት ሕግ አለ” አሉ አቶ ፒትስ ጣታቸውን እየቆጠሩ። “አንደኛ፣ ጃርት አይናገርም። ሁለተኛ፣ ማን እንደሆንሽ ለማንም አትነግሪም። ሦስተኛ፣ ሰው ባለበት ጭንቅላቱን አታወልቂም። ብትሞቺም!”

“ብሞትም?”

“ለአነጋገር ነው፣ የኔ ልጅ፣ ለአነጋገር።”

በማግስቱ ወይዘሮ ቨርና ምሳ ሲወጡላት በሩን ቆልፋ ጭንቅላቱን አጠለቀችው። ጨለማው ጆሮዋ ላይ ተደፋ። የራሷ ትንፋሽ ተመልሶ ፊቷን መታት፤ ሞቃት፣ እርጥብ፣ የሌላ ሰው የሚመስል። እስከ አራት ቆጠረች። አምስት አላለችም። ነቅላ ወረወረችው። ወይዘሮ ቨርና በቁልፋቸው ከፍተው ሲገቡ፣ ከማጠቢያው ማሽን አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጥርሷ ሲንገጫገጭ አገኟት።

“ምን ሆንሽ?”

“ጉንፋን ነው።”

ወይዘሮ ቨርና ጭንቅላቱን አዩት፤ እሷን አዩዋት፤ ማስቲካቸውን ማኘክ አቆሙ። “እንግዲህ ጉንፋን ከሆነ ይለቅሻል” አሉና ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ።

በየቀኑ ለብቻዋ ሞከረችው። አራት አሥር ሆነ፤ አሥር ሃምሳ ሆነ። የጨዋታው ቅዳሜ ሲደርስ ሦስት መቶ ደርሳ ነበር። ጨዋታው ግን ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

ያን ቀን ወይዘሮ ቨርና ክንዷን ይዘው ወደ ሜዳው አወጧት፤ ጃርት ፊት ለፊቱን እንጂ ግራ ቀኙን ስለማያይ ሁልጊዜ የሚመራው ሰው ያስፈልገዋል። የሙዚቃው ጓድ ከበሮ ሆዷ ውስጥ የሚመታ መሰላት። በመረቧ ውስጥ የሚታያት ቁራጭ ሣር፣ ቁራጭ ሰማይ፣ የጫማ ጫፍ ነው። መጨፈር ነበረባት፤ እግሯ ግን አልታዘዝ አለ። ባለችበት ቆማ ጉልበቷ ይብረከረክ ጀመር። ጉልበቷ ሲብረከረክ ወገቧ ተንቀጠቀጠ፤ ወገቧ ሲንቀጠቀጥ ጀርባዋ ላይ ያለው መቶ የስፖንጅ እሾህ ሁሉ እንደ ነፋስ እንደመታው ስንዴ ይርገፈገፍ ገባ።

በዚያች ቅጽበት ተጋጣሚው ቡድን ኳሷን ነጥቆ ነበር።

“እዩት! ጃርቱ ፈራ!” አለ አንድ ሰው ከተመልካቹ መሃል። ሳቁ ከወንበር ወንበር ተዛመተ። “ጃርቱ ፈራ! ጃርቱ ፈራ!”

ማርዲስ ሳቁን ስትሰማ ይባስ ተንቀጠቀጠች። ሕዝቡ ይባስ ሳቀ። ወይዘሮ ቨርና ወደ መረቧ ጠጋ ብለው፣ “ልጄ፣ ምን እያደረግሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ እንዳታቆሚ!” አሏት።

ጨዋታው ሲያልቅ ዕቃ ክፍል ገብታ ባልዲ ላይ አስመለሰች። በሳምንቱ የተማሪዎቹ ጋዜጣ፣ ጃርቱ እንዲህ አምሮበት እንደማያውቅ፣ የፍርሃት ትወናው ወደር እንደሌለው ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ተጋጣሚ ኳስ በያዘ ቁጥር ሁለት ሺህ ሰው ፊቱን ወደ ጃርቱ እያዞረ፣ “ተንቀጥቀጥ!” ይል ጀመር። ማርዲስም ትንቀጠቀጥ ነበር። ለመተወን አንድም ቀን አልሞከረችም። ሐሙስ ሲሆን እህል ከጉሮሮዋ አይወርድም፤ ዓርብ እጇ ብዕር አይዝም፤ ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ጥሎ ጨዋታው በቀረ ብላ ትጸልያለች። እሑድ ብቻ ሰው ትሆናለች። ምግብ ቤት ተሰልፋ ከፊቷ ያሉ ልጆች፣ “ያ ጃርት ማን ይሆን? የቲያትር ተማሪ ነው አሉ” ሲባባሉ ትሰማና ሳህኗን እያየች ትስቃለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ስለሷ የሚያወራው ስለ በቆሎ አልነበረም።

በአምስተኛው ሳምንት አባቷ ስልክ ደወለ።

“ቅዳሜ የቀድሞ ተማሪዎች የሚሰበሰቡበት ቀን ነው አሉ። ጨዋታውን አብረን እንየው። እናትሽ ወገቧን አሟታል፤ ብቻዬን ነው የምመጣው።”

“እኔ ሥራ አለብኝ፣ አባዬ። የስፖርት ዕቃ ክፍል ነኝ። አንተ እየው፤ ሲያልቅ እንገናኛለን።”

“ቅዳሜም ያሠሩሻል?”

“ቅዳሜ ነው ሥራው።”

ያ ቅዳሜ ከወትሮው የበዛ ሰው ነበር። ተጋጣሚዎቹ ከጎረቤት ከተማ የመጡ ነበሩ፤ ዌልሃም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሸንፏቸው አያውቅም። ማርዲስ በመረቧ ውስጥ አባቷን ፈለገችው። ከታችኛው ረድፍ፣ ከአጥሩ አጠገብ፣ አረንጓዴ ቆቡን እንዳደረገ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቤተ ክርስቲያን የተቀመጠ መስሎ አየችው። ሰው ሁሉ፣ “ተንቀጥቀጥ!” ሲል እሱ አልሳቀም። ጃርቱን ትክ ብሎ ያየው ነበር።

ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንድ ሲቀረው የዌልሃም ልጅ ኳሷን ይዞ ከመስመሩ ማዶ ተወረወረ። አገባ! ተማሪው አጥሩን ጥሶ እንደ ጎርፍ ወደ ሜዳው ፈሰሰ። ጃርቱን አንስተው ትከሻቸው ላይ ሊያወጡት ፈለጉ። ከኋላ የሚመጣው ከፊት ያለውን ገፋው፤ የተሸከሟት ልጆች ተደናቀፉ፤ ማርዲስ በጀርባዋ ወደቀች። አንዱ እየሳቀ ላይዋ ላይ ወደቀ። ሌላው በሱ ላይ ዘለለ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ጨዋታ መስሏቸው ነው።

መረቧ በሰው ሹራብ ተደፈነች። ጨለመ። ደረቷ ዝቅ አለ፤ መልሶ የሚነሳበት ቦታ አጣ። ያንን ነገር አወቀችው። ሰውነቷ ከሐሳቧ ቀድሞ አወቀው። አፍንጫዋን የደረቅ በቆሎ አቧራ ሞላው፤ እዚያ ቦታ በቆሎ የሚባል ነገር እንደሌለ እያወቀች። አትናገሪም፣ አታወልቂም፣ ብትሞቺም። ሕጉ እንኳ በዚያች ሰዓት በጆሮዋ አለፈ። ቀጥሎ ያለው ትንፋሽ ካለፈው አነሰ። ሌላው ደግሞ ከዚያ አነሰ። በጎተራው ውስጥ ያላወጣችው ጩኸት አለ፤ ስምንት ዓመት ቆይቷል። የቀረቻትን አየር ሁሉ ሰብስባ እሱን ለቀቀችው።

“መተንፈስ አቃተኝ!”

ከክምሩ ጎን ቆሞ የነበረ፣ ቁጥር ሰባ አንድ የለበሰ ግዙፍ ተጫዋች ድምፁን ሰማና ክው አለ። “ሴት ናት! ተነሱ! ከሥር ያለችው ሴት ናት!” እያለ ልጆቹን በአንገታቸው እየያዘ መወርወር ጀመረ። ወይዘሮ ቨርና በቦርሳቸው ያገኙትን ጀርባ ሁሉ ይደበድባሉ። አንድ ሌላ ሰውም ነበር። ወይዘሮ ቨርና ኋላ እንደነገሯት፣ ማንም ለእርዳታ ሳይጮህ፣ ክምሩ ገና ሦስት አራት ሰው እንደሆነ፣ አረንጓዴ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ አጥሩን ዘሎ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ሜዳውን ሲያቋርጥ አይተዋል። ከሥር ማን እንዳለ አያውቅም። ደርሶም ልጆቹን አልጎተተም፤ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ይቆፍር ነበር። የሰው እጅና እግር እንደ አፈር ወደ ኋላው እየጣለ ይቆፍር ነበር።

ብርሃን ሲመጣ ማርዲስ ጭንቅላቱን ነቅላ ጣለችው። ጃርቱ ያለ ጭንቅላት ሲቀር ያየች አንዲት ሕፃን አለቀሰች። ማርዲስ አፏን ከፍታ አየሩን ጠጣችው። ዓይኗ ሲገለጥ አባቷ ከፊቷ ተንበርክኳል፤ ቆቡ ወድቋል፤ ጣቶቹ ይደማሉ። ማን መሆኗን ሲያይ ከንፈሩ ነጣ።

“አንቺ ነሽ” አለ።

ዕቃ ክፍል ገብተው ወይዘሮ ቨርና በሩን ዘጉላቸውና፣ “ማንም አይገባባችሁም፤ የሚገባ ካለ ቦርሳዬ እጄ ላይ ነው” ብለው ወጡ። ማርዲስ እስከ ወገቧ ጃርት፣ ከወገቧ በላይ ሰው ሆና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አባቷ ቆሞ የማጠቢያውን ማሽን ያያል።

“ይህን ያህል ጊዜ እዚያ ውስጥ ነበርሽ?”

“አምስት ሳምንት።”

“እየፈራሽ?”

“እየፈራሁ።”

“ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ አልሳቅኩም። ያ መንቀጥቀጥ የውሸት እንዳልሆነ አውቄ ነበር። ከጎተራው ባወጣንሽ ቀን ልክ እንደዚያ ነበር ያንቀጠቀጠሽ።” ለመቀመጥ ፈልጎ ወንበር የት እንዳለ የጠፋው ይመስል ዞር ዞር አለና ካልሲ የሞላ ቅርጫት ላይ ተቀመጠ። “ማርዲስ፣ ማሽኑን ያስነሳሁት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ፣ አባዬ።”

“ላዩን ወጥቼ አላየሁም። ሁልጊዜ ወጥቼ አይ ነበር፤ ያን ቀን አላየሁም። ቸኩዬ ነበር። ለምን እንደቸኮልኩ እንኳ ረስቼዋለሁ።”

እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ሲርድ አየችው። አባቷ ሲፈራ አይታ አታውቅም ነበር፤ ወይም አይታ አላወቀችውም ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ዝም ያላት ተቆጥቷት እንዳልነበር ያኔ ገባት።

“እኔ እኮ በኔ የተናደድክ ነበር የሚመስለኝ” አለችው። “ለምን ገባሽ ብለህ።”

“በአንቺ?” ቀና አለ። “በአንቺ?!” ደግሞ መልሶ ፊቱን ሸፈነ።

ኋላ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ፣ “ተዪው፤ ሌላ ሰው ይሁን ጃርት” አላት።

“እነሱም እንዲያ ይሉኛል መሰለኝ። ሕጉን ሁሉ ሰብሬያለሁ።”

እውነትም ሰኞ ዕለት አቶ ፒትስ አስጠሯት። ሕፃናት እንዳለቀሱ፣ የቀድሞ ተማሪዎች እንዳጉረመረሙ ነገሯት። “ደግሞም ለራስሽ ደኅንነት ነው” አሉ፣ ወረቀታቸውን እያስተካከሉ።

ማርዲስ ለመውጣት ተነሳች። እፎይ ማለት ነበረባት፤ ሐሙስ እህል ይወርድላታል፣ ዓርብ ብዕር ትይዛለች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ።

“አቶ ፒትስ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እያለሁ ጎተራ ውስጥ በቆሎ ውጦኝ ነበር” አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። “ለማንም ነግሬ አላውቅም። የጃርቱ አፍ ሰፋ ተደርጎ ይከፈትልኝና ልቀጥል።”

አቶ ፒትስ ወረቀታቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በስልኩ ወይዘሮ ቨርናን ጠሩ።

ወይዘሮ ቨርና ባላቸው የሰፋውን ጭንቅላት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ መቀሱን ይዘው ጥቂት ቆዩ። “ይቅር በለኝ፣ ኤልመር” አሉና ከጆሮ እስከ ጆሮ ቀደዱት። ዓይኑ ሰፋ ያለ መረብ ሰፉበት። የዌልሃም ጃርት ከዚያ ቀን ወዲህ አፉን ከፍቶ የሚስቅ ጃርት ሆነ። የጃርቱ ማንነት የታወቀ ስለሆነ ተማሪዎቹ፣ “ማርዲስ! ተንቀጥቀጪ!” ይሏታል። የበቆሎውም ወሬ ሳይዘገይ ተሰማ። አንድ ሁለት ሰው ቀለደበት፤ የቀረው ግን ሜዳው በሰው ሲጥለቀለቅ ጃርቱ ዙሪያ ክብ ሠርቶ መቆም ለመደ።

ፍርሃቱ ለቀቃት ብል ውሸት ይሆናል። ቀጥሎ በነበሩት ጨዋታዎች ሁሉ ባልዲው ከበሩ ኋላ ይጠብቃት ነበር። አባቷ በየቅዳሜው አራት ሰዓት ነድቶ መጥቶ ከታችኛው ረድፍ ይቀመጣል። ሌላው ሰው ጨዋታውን ያያል፤ እሱ ጃርቱን ያያል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ይቆማል፤ ጭንቅላቱን እስክታወልቅ አይቀመጥም።

የአራተኛ ዓመቷ የመጨረሻ ጨዋታ ካለቀ በኋላ፣ ዕቃ ክፍል ውስጥ ፊቷን ስትታጠብ፣ አባቷ ጭንቅላቱን ከአግዳሚው አነሳው። ወደ ውስጥ ተመለከተ። ቆቡን አወለቀና አጠለቀው። ማርዲስ ፎጣውን እንደያዘች ቆመች። እሾሁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ጥቂቱ፣ ቀጥሎ ሁሉም። እስከ አሥር እንኳ የሚያስቆጥር አልነበረም። አወለቀው፤ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

“እንዴት ቻልሽው?” አላት።

“አልቻልኩትም” አለችው።

ጭንቅላቱን ተቀብላው መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። እናቷ እራት አዘጋጅታ ትጠብቃቸው ነበር፤ መንገዱም ረጅም ስለሆነ መብራቱን አጥፍተው ወጡ።